የበግ ልብ መክፈት፦ ለኮሌጅ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ላብራቶሪ የአሠራር መመሪያ

የበግ ልብ መክፈት በኮሌጅ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ትምህርት የተለመደ የላብራቶሪ ሥራ ነው። የተለመደ በመሆኑም ብዙ ጊዜ በከንቱ ያልፋል። ተማሪው ልቡን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ የክፍሎቹን ስም ከሥዕል ጋር ያመሳክራል፣ ትሪውን አጥቦ ይሄዳል። በሳምንቱ «የግራው ቬንትሪክል (ደም የሚገፋው የታችኛው የልብ ክፍል) ግድግዳ ለምን ወፈረ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ብዙ ደም ስለሚገፋ» ብሎ ይመልሳል። ስህተት ነው፤ ጤናማ ልብ ላይ ግራና ቀኙ የሚገፉት የደም መጠን እኩል ነው። ውፍረቱን በዓይኑ አይቷል፣ በእጁም ነክቷል፤ የሚያስረዳውን ምክንያት ግን አልያዘም።

ስለዚህ እዚህ የቀረበው አሠራር ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ምላጭ ከመግባቱ በፊት ተማሪው ምን እንደሚያገኝ ገምቶ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ልቡ የሚከፈተው የደሙን መንገድ ተከትሎ ነው እንጂ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ለሁለት ተከፍሎ አይደለም። ለሁለት መክፈል ለፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ቫልቮቹን አብሮ ይቆርጣቸዋል፣ የተቆረጠ ቫልቭ ደግሞ ሥራውን አያሳይም።

ልቡና መሣሪያው

ለ3 ወይም ለ4 ተማሪ አንድ ልብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆኑ ከኋላ የቆመው ተማሪ የሚያየው የጓደኛውን ትከሻ ነው። ጊዜው 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይያዝ።

ከተቻለ ትኩስ ልብ ይመረጣል፤ ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ልብ ቫልቩ ስለሚደርቅ ከታች የተጻፈው የውሃ ሙከራ በደንብ አይሠራበትም። ትኩሱ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሠራበት። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ይሁን፤ ሲፈለግም ከአንድ ቀን በፊት ወደ ፍሪጅ ወርዶ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ከቄራ ሲታዘዝ ሁለት ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት፦ ትላልቆቹ የደም ሥሮች ከልቡ በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፣ ቬንትሪክሎቹም አይሰንጠቁ። የሥጋ መርማሪዎች ልብን ሰንጥቀው የማየት ልማድ ስላላቸው፣ ካልተነገረ በቀር የሚመጣው ልብ ብዙ ጊዜ የተቀደደ ነው፤ ከላይ ያሉት ደም ተቀባይ ክፍሎች፣ ኤትሪየሞችም ተቆርጠው የቀሩ ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ልብ ለውፍረት መለኪያ ይሆናል፣ ለውሃ ሙከራ ግን አይሆንም።

የፎርማሊን ልብ ብቻ ከሆነ ያለው፣ በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይደር። ክፍሉ አየር የሚያስወጣ መሆን አለበት። ዓይን ካቃጠለ ሥራው ይቁም፤ በፎርማሊን ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር ነው፣ «ትንሽ ይሸታል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በየትሪው ላይ የሚያስፈልገው፦ 3 ቁጥር እጀታ ያለው ስካልፔል ከ10 ቁጥር ምላጭ ጋር፣ አንድ ጫፉ ደነዝ የሆነ መቀስ፣ አንድ ትንሽ ሹል መቀስ፣ ፎርሴፕስ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ ቀጭን ፕሮብ (መፈተሻ ዘንግ)፣ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ ባለቀለም ራስ ስፒሎች። ለእያንዳንዱ ተማሪ የናይትራይል ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጋውን። ከዚህ ሁሉ በጣም የሚያገለግለው ፕሮቡ ነው፣ ስካልፔሉ ደግሞ ከሚታሰበው ያነሰ። አብዛኛው ቁርጥ በደነዙ መቀስ ይሠራል፤ ደነዙ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚመራ ከሥር ያለውን አይወጋም።

ከመቁረጥ በፊት

ተማሪዎቹ ጓንት ከማድረጋቸው በፊት ባዶ ወረቀት ይሰጣቸው። ደሙ የሚያልፍባቸውን 13 ጣቢያዎች ያለ መጽሐፍ በቅደም ተከተል ይጻፉ፦ ቬና ካቫ (ከሰውነት ደም የሚመልሰው ትልቅ ሥር)፣ ቀኝ ኤትሪየም፣ ትራይከስፒድ ቫልቭ፣ ቀኝ ቬንትሪክል፣ የሳንባ ደም ቅዳ ቫልቭ፣ የሳንባ ደም ቅዳ፣ የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ የሳንባ ደም መልስ፣ ግራ ኤትሪየም፣ ማይትራል ቫልቭ፣ ግራ ቬንትሪክል፣ የአኦርታ ቫልቭ፣ አኦርታ (ደምን ወደ ሰውነት የሚወስደው ትልቁ ደም ቅዳ)። ቀጥሎ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በግምት ይመልሱ፦

የግራው ግድግዳ ከቀኙ ስንት እጥፍ ይወፍራል?
ትራይከስፒድ ቫልቭን የሚዘጋው ምንድን ነው?
የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘው ከየት ነው፣ በየትኛውስ ጊዜ?
ከቀኝ ቬንትሪክል ወደ ግራው በቀጥታ የሚያልፍ መንገድ አለ?

ወረቀቱ አይታረም፣ ነጥብም አይሰጠውም። ትሪው አጠገብ ይቀመጥና መልሱ ሲገኝ ተማሪው ራሱ በሌላ ቀለም ያርመው። ነጥብ ከተሰጠው ተማሪው መገመቱን ትቶ ከጎረቤቱ መቅዳት ይጀምራል።

በየቡድኑ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ መመሪያውን ያነባል፣ አንዱ ይመዘግባል። ቀኙ ተከፍቶ ሲያልቅ ቦታ ይለዋወጡ። ይህ ካልተደረገ ደፋሩ ተማሪ ብቻውን ይሠራል፣ ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ።

ግራና ቀኝን መለየት

እዚህ ላይ የተሳሳተ ቡድን እስከ መጨረሻው ተሳስቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ መምህሩ እየዞረ ሳያረጋግጥ ማንም አይቁረጥ። ልቡ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ የረጋው ደምም በጣትና በሲሪንጅ ውሃ ይውጣ። ሙቅ ውሃ አይነካው፤ ሥጋውን ያበስለዋል። ሽፋኑ ፔሪካርዲየም ካለ ይገፈፍ፤ በቦዮቹ ውስጥ ያለው ስብ ግን ለጊዜው ይተው፣ የልቡ የራሱ የደም ሥሮች የሚሄዱት በውስጡ ነውና።

ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙ። በአንደኛው ገጽ ላይ ስብ የሞላው ቦይ ከላይ ወደ ታች ሰያፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ጆሮ የሚመስሉት የሁለቱ ኤትሪየሞች ጫፎችም ወደ እናንተ ይታጠፋሉ። ይህ የፊቱ ገጽ ነው። አሁን በእናንተ ቀኝ እጅ በኩል ያለው የልቡ ግራ ነው። ለማረጋገጥ ሁለቱን ጎኖች በጣት ጫን ጫን አድርጉ፦ ጠንካራው ግራ፣ የሚላላው ቀኝ ነው። ሹሉ ጫፍም የግራው ቬንትሪክል ነው። ሦስቱ ምልክቶች ካልተስማሙ ልቡ ተገልብጦ ተይዟል ማለት ነው።

ቀጥሎ ትላልቆቹን ቱቦዎች ለዩ። ከፊት የሚወጣው የሳንባ ደም ቅዳ ነው። ከኋላው ያለው፣ ግድግዳው ወፍራምና ነጣ ያለ፣ ባዶውንም ሳይጨማደድ ክብ ሆኖ የሚቆመው አኦርታ ነው። ሁለቱን የሚያያይዝ አጭር ጠንካራ ጅማት ይገኛል፤ ከመወለድ በፊት ደሙ ሳንባን አልፎ የሚሄድበት ቱቦ ቅሪት ነው። ልቡን ገልብጡት፤ በቀኝ ኤትሪየም ላይ የሁለቱ ቬና ካቫ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ተጣብቀው ይደበቃሉ፣ ለማግኘት ጣት ማስገባት ያስፈልጋል። በአንዱ የገባ ፕሮብ በኤትሪየሙ አልፎ በሌላው ከወጣ ትክክል ናችሁ። ፕሮብ እምቢ ሲል አይገፋም፤ የተገፋ ፕሮብ ስሱን ግድግዳ ወግቶ ያልነበረ «መንገድ» ያሳያል።

የአኦርታው የውሃ ሙከራ

ልቡ ገና ሳይከፈት ይሠራል። አኦርታውን ከቫልቩ በላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ልቡን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከላይ ስታዩ ሦስት ኪሶች ሞልተው ጠርዛቸው መሀል ላይ ይገጥማል። ውሃው ይቆማል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ደረጃው በዝግታ ይወርዳል። አብዛኛው ተማሪ ቫልቩ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ውሃው የሚሄደው ከኪሶቹ በላይ በግድግዳው ላይ ባሉት ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው፤ ቀዳዳዎቹ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ኮሮናሪ ደም ቅዳዎች መነሻ ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ይመለሳል፦ ልብ የሚመገበው በክፍሎቹ ውስጥ ካለው ደም አይደለም። ለግራው ቬንትሪክል የሚሄደው ደም በብዛት የሚፈስሰውም ልቡ ሲላላ ነው፤ ሲኮማተር ጡንቻው የራሱን ደም ሥሮች ይጨምቃቸዋልና።

እዚህ ላይ ስሌት ማስገባት ይጠቅማል። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ልብ አንዱን ዑደት በ0.8 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ከዚህ ውስጥ መኮማተሩ 0.3፣ መላላቱ 0.5 ሰከንድ ገደማ ነው። ምቱ 150 ሲሆን ዑደቱ 0.4 ሰከንድ ይሆናል፣ በብዛት የሚያጥረውም የመላላቱ ጊዜ ነው። «ኮሮናሪው የጠበበ ሰው ሲሮጥ ደረቱን ለምን ያመዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የጡንቻው ፍላጎት ሲጨምር የመመገቢያው ጊዜ ማጠሩን ተማሪው ራሱ ይደርስበታል።

ውሃው በዝግታ ሳይሆን ወዲያው ከጠፋ ወይ አንዱ ኪስ ተቀድዷል፣ ወይ የረጋ ደም በመሀል ተሰንቅሯል። በሲሪንጅ አጥባችሁ ድገሙት።

ቀኙን መክፈት

መጀመሪያ የሚከፈተው ኤትሪየሙ ብቻ ነው። የመቀሱን ደነዝ ጫፍ በላይኛው ቬና ካቫ አስገብታችሁ እስከ ታችኛው ቁረጡ፤ በኤትሪየሙና በቬንትሪክሉ መካከል ያለውን ቀለበት አትለፉ። በተከፈተው ግድግዳ በኩል በጆሮው ውስጥ ማበጠሪያ የሚመስሉ የጡንቻ መስመሮች፣ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ ሰርጎድ ያለ ቦታ፣ ከታችኛው ቬና ካቫ አጠገብ ደግሞ የኮሮናሪ ሳይነስ (የልብ ጡንቻን ደም የሚመልሰው ሥር) ቀዳዳ ይታያል። የሰረጎደው ቦታ በጽንስ ጊዜ ደም ከቀኝ ወደ ግራ ኤትሪየም የሚያልፍበት ነበር። በጀርባው ብርሃን አብርታችሁ እዩት፤ ስስነቱ ያኔ ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። በትራይከስፒድ ቫልቭ በኩል በሲሪንጅ ቬንትሪክሉን ውሃ ሙሉ። ሌላ ተማሪ የሳንባውን ደም ቅዳ በሁለት ጣት አጥብቆ ይዝጋ። ከዚያ ቬንትሪክሉን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ጭመቁ። ስሶቹና ብርሃን አሳላፊዎቹ የቫልቩ ቅጠሎች ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ላይ ይነፋሉ፣ ጠርዛቸው ይገጥማል፣ ከሥራቸው ያሉት ነጫጭ ክሮችም ይወጠራሉ። እጅ ሲላላ ይረግባሉ። ከዚያ የሳንባው ደም ቅዳ ተለቅቆ ይደገም፤ ውሃው በዚያ በኩል ተፈናጥቆ ይወጣል። (ትሪው ፊት ለፊት የቆመውን ተማሪ ዞር በል ማለት አይረሳ።)

ስለ ቫልቭ ያለው ዋነኛ የተሳሳተ አመለካከት የሚታረመው እዚህ ነው። ብዙዎች ፓፒላሪ የሚባሉት፣ ክሮቹ የሚነሡባቸው የቬንትሪክሉ ጡንቻዎች ክሮቹን እየጎተቱ ቫልቩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ይመስላቸዋል። ትሪው ላይ ያለው ልብ ግን ሞቷል፣ ፓፒላሪ ጡንቻው አይኮማተርም፤ ቫልቩ ሆኖም ተዘግቷል። የዘጋው የውሃው ግፊት ነው። በሕይወት ባለ ልብም እንዲሁ ነው፦ በቬንትሪክሉ ያለው ግፊት በኤትሪየሙ ካለው ሲበልጥ ይዘጋል፣ ሲያንስ ይከፈታል። ታዲያ ጡንቻው ለምን አስፈለገ? ቬንትሪክሉ ሲኮማተር ያጥራል፣ ባጠረ ቁጥርም ክሮቹ ሊላሉ ነው፤ ፓፒላሪ ጡንቻው አብሮ በመኮማተር ውጥረታቸውን ይጠብቃል። ይህንንም ማሳየት ይቻላል። በትንሹ ሹል መቀስ በቫልቩ ቀዳዳ ገብታችሁ የአንዱን ቅጠል ሁለት ሦስት ክር ቁረጡና ሙከራውን ድገሙት። ያ ቅጠል ወደ ኤትሪየሙ ይገለበጣል፣ ውሃውም በዚያ ይመለሳል።

ሙከራው ካልሠራ ቅጠሎቹ በረጋ ደም ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ይሆናል፤ በፕሮብ አላቅቋቸው። ወይም የደም ቅዳው በደንብ አልተዘጋም፣ ወይም ቄራ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ ሳይታይ ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ መቀሱ ይቀጥል፦ ከኤትሪየሙ በቫልቩ ቀለበት አልፎ የቀኙን ጠርዝ ተከትሎ ወደ ታች። ቀለበቱ ላይ መቀሱ ይያዛል፣ ጠንካራ ክር መሰል ሕብረ ሕዋስ ነውና። ይህ ቀለበት ቫልቮቹን ከመሸከሙ ሌላ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ለዚህ ነው የኤትሪየሙ የኤሌክትሪክ ምልክት በኤቪ ኖድ (በሁለቱ መካከል ባለች ትንሽ የሕዋሳት ቋጠሮ) 0.1 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ በአንድ በር ብቻ ወደ ቬንትሪክል የሚወርደው። ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ከመገንጠላችሁ በፊት ወደ ውስጥ እዩ፤ ከመካከለኛው ግድግዳ ተነሥቶ ክፍሉን አቋርጦ ወደ ፓፒላሪ ጡንቻው የሚሄድ ድልድይ መሰል ማሰሪያ አለ። ሞደሬተር ባንድ ይባላል፣ የቀኙን የኤሌክትሪክ መስመር ቅርንጫፍ ይሸከማል፣ በችኮላም በብዛት የሚቆረጠው እሱ ነው። በመጨረሻ ከታች ወደ ላይ በመካከለኛው ግድግዳ ጠርዝ ተከትላችሁ የሳንባውን ደም ቅዳ ክፈቱ። እዚህ ያሉት ሦስት ኪሶች ክር የላቸውም፤ ለምን እንደማያስፈልጋቸው ተማሪው ይመልስ።

ግራውን መክፈት

አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ፈጠን ይላል። በሳንባ ደም መልስ ቀዳዳዎች በኩል ግራውን ኤትሪየም ክፈቱ፣ ከዚያ በግራው ጠርዝ፣ በሁለቱ ፓፒላሪ ጡንቻዎች መካከል እስከ ጫፉ ውረዱ። ሁለተኛው ቁርጥ ከጫፉ ተነሥቶ በፊት ገጽ፣ ከሰያፉ ቦይ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ እየተጓዘ በአኦርታ ቫልቭ በኩል ይወጣል። ከዚያ በፊት የሳንባውን ደም ቅዳ ከአኦርታው በፕሮብ ለዩት፤ ካልተለየ አብሮ ይቆረጣል።

የማይትራልን የፊት ቅጠል በፎርሴፕስ ከፍ አድርጋችሁ ከሁለቱም ጎን እዩት። በአንድ ጎኑ ደም ይገባል፣ በሌላው ጎኑ ወደ አኦርታ ይወጣል። በመግቢያና በመውጫው መካከል ያለው ግድግዳ ይህ ስስ ቅጠል ብቻ ነው።

ውፍረቱን ለክታችሁ መዝግቡ። የሚለካው በቬንትሪክሉ ቁመት መሀል፣ ከፓፒላሪ ጡንቻ ርቆ፣ ለግድግዳው ቀጥ ብሎ በተቆረጠ ቦታ ነው፤ በሰያፍ የተቆረጠ ግድግዳ ወፍሮ ይታያል። ግራው የቀኙ 3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከሞት በኋላ ልቡ ተኮማትሮ ከደረቀ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፤ የግራው ክፍልም ጠብቦ ይታያል።

አሁን ቁጥሮቹን አጠገቡ ጻፉ። በዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ ሰው ግራ ቬንትሪክል እስከ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ቀኙ እስከ 25 ያህል ግፊት ያመነጫል። ሁለቱም በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይገፋሉ። በግራ በኩል የሚበዛው ግፊቱ ነው እንጂ መጠኑ አይደለም፤ ግራው የሚገፋው ወደ መላው ሰውነት፣ ቀኙ ደግሞ አጠገቡ ወዳለውና ብዙ ወደማይቋቋመው የሳንባ የደም ሥር መረብ ነው። ቀኙ ትንሽ እንኳ አብዝቶ ቢገፋ ኖሮ ትርፉ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው የመጀመሪያው ግምት የሚታረመው አሁን ነው።

መካከለኛውን ግድግዳም በሁለት ጣት መሀል ይዛችሁ ፈትሹ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን ደም በዚህ ግድግዳ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ያልፋል ብሎ ያስተምር ነበር። ሐኪሙ ኢብን አል-ነፊስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቀዳዳ እንደሌለና ደሙ በሳንባ በኩል እንደሚዞር ጽፏል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ ደግሞ በ1628 ደሙ በመላው ሰውነት እንደሚዘዋወር ያስረዳው በከፊል በስሌት ነው። ስሌቱን በዛሬ ቁጥር አሠሯቸው፦ 70 ሚሊ ሊትር በ72 ምት በ60 ደቂቃ ሲባዛ ከ300 ሊትር በላይ ይሆናል። ጋሌን ደም ያለማቋረጥ ከምግብ ይሠራል ይል ነበር፤ በሰዓት ይህን ያህል ደም ከምግብ ሊሠራ እንደማይችል ለማየት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

በበግና በሰው መካከል

ሦስት ልዩነት ይነገር፣ አለበለዚያ ፈተና ላይ ይቀላቀላል። ከበጉ የአኦርታ ቅስት ለጭንቅላትና ለፊት እግሮች የሚወጣው አንድ ትልቅ ግንድ ነው፤ ከሰው ቅስት ሦስት ቅርንጫፎች ይወጣሉ። በበግ ላይ የግራው አዚገስ ደም መልስ (ከደረት ግድግዳ ደም የሚመልስ ሥር) ወደ ኮሮናሪ ሳይነስ ስለሚገባ ቀዳዳው ከሰው ይልቅ ይሰፋል። በግ በአራት እግሩ የሚሄድ በመሆኑም በሰው «የላይኛው» እና «የታችኛው» የሚባሉት ቬና ካቫዎች በበግ የፊተኛውና የኋለኛው ይባላሉ።

ማጽዳት

ምላጩ ከእጀታው በጣት አይነቀልም፤ በመቆንጠጫ ተይዞ ይወጣና ወደ ስለት ማስወገጃ ሣጥን ይገባል። ብዙው የእጅ መቆረጥ የሚደርሰው ሥራው አልቆ እቃ ሲታጠብ ነው። ትኩስ ልብ የነካው ጠረጴዛ በሳሙና ታጥቦ፣ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ይቀባ። ፎርማሊን በነካው ላይ ግን በረኪና አይደረግም፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ማጥናትና መፈተን

የ13ቱ ጣቢያዎች ባዶ ወረቀት በማግሥቱ፣ ከ3 ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ያለ መጽሐፍ ይደገም። ማስታወሻ ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል እንጂ ብዙ አያስቀምጥም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በየጣቢያው አጠገብ ግፊትና የኦክስጅን ሁኔታ ይጨመር። «ደም ቅዳ ሁልጊዜ ኦክስጅን ያለው ደም ይይዛል» የሚለው ስህተት ስድስተኛው ጣቢያ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

ለተግባር ፈተናው በየልቡ አንድ ስፒል ይተከል፣ ለአንድ ጣቢያ 1 ደቂቃ ተኩል ይሰጥ። በየጣቢያው ሁለት ጥያቄ ይኑር፦ የመጀመሪያው ስሙን፣ ሁለተኛው ሥራውን የሚጠይቅ። «ይህ ምንድን ነው? ቢበጠስ ደሙ በየትኛው ጊዜ ወዴት ይመለሳል?» ስፒሉ በማይትራል ክር ላይ ከሆነ መልሱ «በመኮማተር ጊዜ፣ ወደ ግራ ኤትሪየም» ነው፤ «ከዚያም ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለሳል» ብሎ የጨመረ ሙሉ ነጥብ ያግኝ። ስሙን ስቶ ሥራውን በትክክል ላስረዳ ተማሪ ግማሽ ነጥብ አይከልከል።

ስፒል ይንሸራተታል። ፈተናው ሊጀመር ሲል የእያንዳንዱ ጣቢያ ፎቶ ይነሣ፤ በየ10 ተማሪውም ከፎቶው ጋር ይመሳከር። ክርክር ሲነሣ የሚዳኘው ፎቶው ነው።